ጥቁር ሰሌዳ ላይ የነገርኩት መርዶ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። የነፍስ አባቴም አያውቁትም፤ በጾም በጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ የሐሜቱን፣ የቁጣውን፣ የስንፍናውን ኃጢአት ስዘረዝርላቸው ይህችን አንዷን እዘላታለሁ። እሳቸውም የዋህ ናቸውና ፈትተው ይሰዱኛል። እኔም መስቀል ተሳልሜ እንደታሰርኩ እወጣለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ፈሪ ሰው የሚደፍረው የማያውቀውን ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ይህንን ከመጀመሪያው ያዙልኝ።

ትውልዴ አምባሰል ገጠር ነው፤ ኑሮዬ ግን ሐይቅ ከተማ፣ ሥራዬም አማርኛ ማስተማር ነበር። ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ሌሎች መምህራን የአጭር ልብ ወለድን አላባውያን አስጽፈው ሲያሸመድዱ፣ እኔ ልጆቹን ያልተጻፈውን እንዲያነቡ አስተምር ነበር። ድባብ ማለት ደራሲው አፍ አውጥቶ ያልተናገረው፣ አንባቢው ግን ደረቱ ላይ የሚሰማው ነው እላቸዋለሁ። ድባቡን ለማግኘት ደግሞ ወጉንና ልማዱን ማወቅ አለባችሁ እላለሁ። ደራሲው "ሴትዮዋ የነጠላዋን ጥለት ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰች" ቢል፣ ልማዱን የማያውቅ ሰው ስለ ልብስ የተወራ ይመስለዋል። የሚያውቅ ግን እዚያ ቤት ሰው እንደሞተ ያውቃል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራ ነበር፤ እኔም ዓይናቸው ሲበራ ደስ ይለኝ ነበር። ደስታው ጤነኛ ነበር? አሁን ሳስበው፣ ልጆቹን ሳይሆን በልጆቹ ዓይን ውስጥ ራሴን ነበር የማየው።

ከልጆቹ ሁሉ ሐዋን የሚያህል አልነበረም። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ዝምተኛ ናት፣ ግን እጇን ካወጣች የምትናገረው ነገር አለ ማለት ነው። አንድ ታሪክ ሳነብላቸው ሌሎቹ ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ እሷ ምን እንዳልተባለ ትጠይቃለች። ይህን እኔ ነኝ ያስተማርኳት። እኔ ነኝ።

ጎረቤቴም ነበረች። እናቷ እትዬ ዘሃራ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአጥማጆቹ ዓሣ እየተቀበሉ፣ ጠብሰው መንገድ ዳር እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ትልቋ ልጃቸው ከድጃ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ሰይድ የሚባለው ልጃቸው ለውጥ መጣ የተባለ ሰሞን አስፋልቱ ላይ ሲጨፍሩ ከዋሉት ወጣቶች አንዱ ነበር። በዚያው ሰሞን መንገድ ላይ አግኝቶኝ "ጋሼ፣ ከእንግዲህ ዓረብ አገር የሚሄድ የለም፤ ከድጃንም እናስመጣታለን" ብሎኛል። ጊዜም አልፈጀም፣ ጦርነቱ መጣና ዘመተ። እትዬ ዘሃራ ልጃቸውን ሲሸኙ አላለቀሱም፤ የዘማች እናት ካለቀሰች ገዱ ይጠፋል ይባላልና። ማታ ማታ ግን ደም ግፊታቸው እየተነሳ ጤና ጣቢያ እንወስዳቸው ነበር።

አንድ ቀን የቅሬያችን ዳኛ ሐጂ ይመር አስጠሩን። ቅሬ ማለት የሰፈራችን የቀብር ማኅበር ነው፤ እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው። ሐጂ ግቢ ተቀምጠን ስንጠብቅ ወጡና ሰላምታችንን እንኳ ሳይመልሱ ተናገሩ። ከሰይድ ጋር የዘመተ ያገራችን ልጅ ደውሎላቸው ነበር። ሰይድ ሞቷል፤ ተቀብሯልም።

በልማዳችን መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ሰዓት አለው፣ ሰው አለው። ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌዎቹ በር ሲያንኳኩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢውን ከቦ ቆሟል። ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚይዛት፣ ፊቷን ስትቧጭር እጇን የሚይዝ ሰው ቀድሞ ይዘጋጃል። በሽተኛ ከሆነች ደግሞ ነገሩ ይታሰብበታል። ሐጂ ይመር ያሰቡት ይህን ነበር። ከድጃ እናትሽ ታማለች ተብላ ፈቃድ ጠይቃለች፤ በሳምንቱ መጨረሻ ትገባለች፤ ለቤቱ ግን እረፍት አግኝታ ነው የምትመጣው ተብሏል። ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መድኃኒት ይዛ አብራን ትገባለች። እሑድ ጎህ ሲቀድ እናረዳለን፤ እስከዚያ ግን አፋችንን እንይዛለን።

"መርዶ እንደ ጀናዛ ነው፤ ባንድ ሰው ትከሻ አይነሳም" አሉ ሐጂ። "እች ሴት ብቻዋን ከሰማችው አትተርፍም። ልጅቱም እንዳትሰማ። ከሰማች እናቷ ዘንድ ነው የምትሮጠው።" ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ቀን ቀን አብረሃት የምትውለው አንተ ነህ። አደራ።"

"አደራዎን ተቀብያለሁ ሐጂ" አልኩ። በዚህ አፌ ነው ያልኩት።

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ጠርተውኝ ከወረዳ አንድ ሱፐርቫይዘር ክፍል ገብቶ ሊያየኝ እንደሆነ ነገሩኝ። ደሴ አንድ ኮሌጅ የአማርኛ መምህር ይፈልግ ነበር፤ የዚህ ሰው አስተያየት ከባድ ሚዛን እንዳለው ሰምቻለሁ። ልቤ ዘለለ። ምን ላስተምር? ድባብና ልማድ ነው የማስተምረው፤ እሱ ላይ ማንም አይደርስብኝም። በየትኛው ታሪክ? እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ጥፋቴ እዚህ ነው ያለው። ብዙ ታሪኮች ነበሩኝ። የሠርግ ነበረኝ፣ የዕርቅ ነበረኝ፣ ወደ ግሸን ስለሚወጡ መንገደኞች የሚያወራም ነበረኝ። እኔ ግን የመረጥኩት ራሴ የጻፍኩትን፣ በየዓመቱ ተማሪ የሚያስለቅስልኝን ነው። ታሪኩ ልጇ እንደሞተ ሰፈሩ ሁሉ አውቆ እሷ ብቻ ስላላወቀች አንዲት እናት ነው። ሞት የሚለው ቃል አንድም ጊዜ አይነሳበትም። ድባቡ የሚገኘው ጎረቤቶቹ ከሚያሳዩት መልካምነት ነው።

ሐዋ ትዝ አላለችኝም ነበር? ባትለኝ ኖሮ ምንኛ በወደድኩ፤ ግን ትዝ ብላኛለች። ወረቀቱን ከመሳቢያ ሳወጣ ትዝ አለችኝ። እጄ ቆመ። ከዚያ "ልብ ወለድ እኮ ነው" አልኩ ለራሴ። ልብ ወለድ ከኑሮ ተለይቶ እንደማይቆም ስሰብክ የኖርኩት ሰው፣ ለራሴ ሲመቸኝ "ልብ ወለድ እኮ ነው" አልኩ። እንዴት አንድ ሰው ያስተማረውን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ይክዳል? እንዲህ ነው የሚካደው፤ ቀላል ነው።

ሱፐርቫይዘሩ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ታሪኩን አነበብኩ፤ ድምፄን ዝቅ ከፍ እያደረግኩ፣ ማረፍ ያለብኝ ቦታ እያረፍኩ። ስጨርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥታውን የኔ ንባብ ያመጣው መሰለኝ። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ ባንዱ በኩል "ድባብ"፣ በሌላው "ልማድ" ብዬ ጻፍኩና ጠየቅኩ። "እናትየዋ ነገሩን ማወቅ የነበረባት ከምን ከምን ምልክት ነው?"

እጅ አልወጣም። ሁልጊዜ የሚሻሙት ልጆች አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጆቹ ያውቃሉ። የሐጂ ይመር የልጅ ልጅ እዚያ አለች፣ የቅሬያችን ሰዎች ልጆች እዚያ አሉ፤ ሽማግሌ የመከረውን ልጅ ከግድግዳ ኋላ ይሰማል። ክፍሉ ሙሉ የሐዋ ወንድም እንደሞተ ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም፤ እኔ ደግሞ እፊታቸው ቆሜ ይህንኑ ታሪክ አነበብኩላቸው። ማቆም እችል ነበር። ቾኩን አስቀምጬ "ወደ ሰዋስው እንለፍ" ብል ማን ይከሰኝ ነበር?

ከዚያ አንዲት እጅ ወጣች። የሐዋ እጅ ነበረች። ሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቶውን አነሳ። እኔም "እሺ ሐዋ" አልኩ።

"ጎረቤቶቿ ስለ ልጇ መጠየቅ ማቆማቸው ነው" አለች። "ድሮ ባገኟት ቁጥር 'ደወለ ወይ?' ይሏት ነበር። አሁን ማንም አይጠይቃትም።"

"ግሩም ነው" ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። "ሌላስ?"

"ሳትለምናቸው ውሃ ይቀዱላታል። ስትመጣም ሳቃቸውን ያቆማሉ።" ድምፅዋ ትንሽ ቀነሰ። ጽፌ ዞር ስል ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ አየሁ። አይቼዋለሁ። አላየሁም ብዬ አልዋሽም። ሱፐርቫይዘሩ ግን ራሱን በአድናቆት እየነቀነቀ ይጽፍ ነበር፣ እኔም ያየሁት እሱን ነው።

"ሌላስ?" አልኩ።

"ሩቅ አገር ያለች እህቱ ድንገት ልትመጣ ነው መባሉ…" አለችና ቆመች። ከዚያ ለራሷ እንደምትናገር ሆና "ይኸ እንኳ ታሪኩ ላይ የለም" አለች።

እውነቷን ነው፤ ታሪኩ ላይ እህት የምትባል የለችም። ይህን ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ፤ ጻፊው እኔ ነኝ። አንድ ልጅ ዓይኔ እያየ፣ እኔ በሰጠኋት መሣሪያ፣ የገዛ ቤቷን በር ስትከፍት፣ እኔ ምን አልኩ? ለሦስተኛ ጊዜ "ሌላስ?" አልኩ። ከአፌ የወጣው ይህ ነው። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በጠራ ድምፅ፣ እንግዳው እንዲሰማው ሆኜ።

ሐዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ዞረችና ጓደኞቿን አየች። አንድም የሚያያት አልነበረም። አጠገቧ የምትቀመጠው ለይላ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና እያለቀሰች ነበር። "እናንተ ታውቃላችሁ?" አለቻቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። እኔም ሰሌዳውን ጠረግኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሰሌዳውን ነው የጠረግኩት። በሩ ሲከፈትና ኮቴዋ ሜዳው ላይ ሲሮጥ ሰማሁ።

ቤቷ ሩቅ አይደለም፤ አስፋልቱን ተሻግራ ነው። ተከትዬ ብሮጥ እደርስባት ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱን ወደ ሐጂ ብልክ ሰው ይደርስ ነበር። እኔ ማጠቃለያ አስጻፍኩ። ደወሉ እስኪደወል ስለ ድባብና ልማድ ግንኙነት አስጻፍኩ። ሱፐርቫይዘሩ ሲወጣ እጄን ጨብጦ "እንዲህ ያለ የተማሪ ተሳትፎ አይቼ አላውቅም" አለኝ። "ልጅቷ ግን ምን ሆና ወጣች?"

"ሆዷን ያማታል" አልኩት።

ጩኸቱን የሰማነው ግቢው ውስጥ ቆመን ሳለ ነው። እትዬ ዘሃራ ጓሮ ብቻቸውን ተቀምጠው ዓሣ ሲያጸዱ ነበር። ልጅቷ ገብታ "እማ፣ ሰይድ ሞቷል ወይ?" አለቻቸው። ጥያቄ ነበር፤ ሐዋ የሄደችው የለም እንዲሏት ነበር። እሳቸው ግን የልጃቸውን ፊት አዩና ሌላ ነገር አልጠየቁም። ጎረቤት ሲደርስ እውሃው ላይ ወድቀው፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ነው ያገኛቸው። የሚይዛቸው ሰው አልነበረም። ነርሷም አልነበረችም። ሐጂ ይመር ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ጥንቃቄ ያሰናዱት ለዚች ሰዓት ነበር፤ እኔ ደግሞ ለአንድ እንግዳ ጭብጨባ ስል ልጅቱን ብቻዋን ላክኋት።

አልሞቱም። ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ግን አልተመለሰም። ከድጃ ቅዳሜ ስትገባ እናቷ የወንድሟን ስም ሊጠሩላት ሲታገሉ "ሰ… ሰ…" ብቻ ይወጣቸው ነበር። ሌላው ቢቀር ሐዘንተኛ እናት ልጄ ብላ ታለቅሳለች። እሳቸው እሱም ቀረባቸው።

ከለቅሶው በኋላ ሐጂ ይመር ሽማግሌዎቹን ይዘው ሐዋን ጠሯት። እኔም እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ሐጂ አልተቆጧትም። "ልጀ፣ ማን ነው የነገረሽ? አትፍሪ" አሏት።

"ማንም አልነገረኝ" አለች። "ራሴ ነኝ ያወቅሁት።"

"እንዴት ይሆናል? ወላሂ በይ።"

"ወላሂ፣ ማንም አልነገረኝም።"

ሐጂ አንድ ባንድ አዩን። እኔ ጋ ሲደርሱ ጫማዬን አየሁ። "ሐጂ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? በሐዋ መሐላ ውስጥ ገብቼ ተደበቅሁ። እውነት ነው፣ አፌን ከፍቼ አልነገርኳትም። ይህችን እውነት ስንት ዓመት ጠለላ አድርጌ ተቀመጥኩባት።

ሰፈሩ ፈረደ። ክፍል የነበሩት ልጆች ይናገሩ ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ግን ከሽማግሌ ምክር ጆሮ መጥለፋቸው እንዳይታወቅ እነሱም ዝም አሉ። ሴቶቹ "እናቷን አፏን ዘጋቻት" ማለት ጀመሩ። ገበያ ላይ ስታልፍ "መርዶ ነጋሪዋ" ይሏታል። የሚያጭ ቤተሰብ ሳይቀር "ልጅቱ ምላሷ አያርፍም" ብሎ ተመለሰ ሲባል ሰማሁ፤ ምላሷን የፈታሁት እኔ ሆኜ። ትምህርቷን ትታ እናቷን ማጠብና ዓሣ መጥበስ ሆነ ሥራዋ። እኔ ዓሣውን አልፌ ላለመሄድ በላይኛው መንገድ እዞር ነበር። ጦርነቱ እኛም ዘንድ ደርሶ ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሲሸሽ፣ እሷ እናቷን ተሸክማ የትም መድረስ ስለማትችል ቀረች። እኔ ሚስትና ልጆቼን ይዤ በመኪና በበራቸው በኩል አለፍኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የደሴው ኮሌጅ ነገርም በዚያው ቀረ፤ ያን ሁሉ ያደረግኩበትን ነገር እንኳ አላገኘሁትም።

ከተማችን ተለቃ፣ ሰውም ተመልሶ፣ ትምህርት ቤቱም እንደነገሩ ተጠግኖ ሲከፈት እትዬ ዘሃራ አረፉ። ቀበርናቸው። ብዙም ሳይቆይ ሐዋ እህቷ ዘንድ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው ተባለ።

እኛ ዘንድ ሩቅ የሚሄድ ሰው ሳይነሳ በየቤቱ ዞሮ "አውፍ በሉኝ" ይላል። በድዬ፣ አስቀይሜ፣ ሳላውቅ አጥፍቼ ከሆነ ይቅር በሉኝ ማለት ነው፤ ይቅርታ ሳይቀበል የሚሄድ መንገደኛ መንገዱ አይቀናውም ይባላል። እሷም በሰፈሩ ዞረች። "መርዶ ነጋሪ" ያሏትን ሴቶች ሁሉ አውፍ በሉኝ ብላ ዞረች። አንድ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት መጣች። ሚስቴ አስገባቻትና ውሃ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ሐዋ ጥግ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ከዕድሜዋ አልፏል። "ቲቸር፣ ልሄድ ነው" አለች። "አውፍ በሉኝ።"

"ምን አድርገሽኝ?" አልኩ።

"ያን ቀን እንግዳ ፊት አዋረድኩዎት። ሳላስፈቅድ ነው የወጣሁት። እርስዎ ልብ ወለድ ነው ብለው ነው ያነበቡልን፤ ከቤታችን ያገናኘሁት እኔ ነኝ። እንደ ሌሎቹ ልጆች ዝም ብየ ብሰማው እማ…" አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጠበቀች።

እሷ ጎንበስ ብላ ስትጠብቅ እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። "አውቅ ነበር" የምትለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሳ ነበር። ዛሬ ብነግራት ሸክሟን አራግፋ ትሄዳለች፣ እኔ ግን እዚህ ቀርቼ ከሐጂ ይመር ጋር፣ ከሚስቴ ጋር፣ ከተማሪዎቼ ጋር እኖራለሁ ብዬ አሰብኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ባንድ አፍታ ነው። ሰው እንዴት ባንድ አፍታ ይህን ሁሉ ክፋት ያስባል? የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ፤ ሚስቴ ውሃውን ይዛ ብቅ አለች።

"አውፍ ብየሻለሁ" አልኳት።

ሐዋ ጉልበቴን ስማ፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ "አላህ ይስጥልኝ ቲቸር፤ አሁን ቀለለኝ" አለች። ውሃውን ጠጥታ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች። ሚስቴ "ምን በድላህ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "የትምህርት ቤት ነገር ነው" አልኳት።

ስልኳን ከዘመዶቿ መቀበል እችላለሁ። አልተቀበልኩም። ለዚህም ምክንያት የለኝም፤ ቢኖረኝም አላቀርበውም። እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሷንም ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። እናቷንና ስሟን የቀማኋት እኔ ነበርኩ፤ ይቅርታ ልትለምነኝ እቤቴ ድረስ መጥታ እፊቴ ስትጎነበስ፣ እኔ ቀና ብዬ ተቀምጬ ይቅር አልኳት።